ሸክምን ለብቻ አለመሸከም፡- የግቢ ጉባኤ ተማሪዎች የአእምሮ ጤናና ርዳታ መሻት



ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኘው ጋፋት በታሪክ የምትታወቀው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ በተሠራባት ሥፍራነቷ ነው። ዛሬ ስሟ ሲነሣ ከታሪኩ ጋር ትምህርትም ይታሰባል፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በስሟ ይጠራልና። ከልዩ ልዩ የሀገራችን ክፍሎች የተመደቡ ወጣቶች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባለው በዚህ ደጋ፣ በጉና ተራራ አቅራቢያ፣ የዩኒቨርሲቲ ሕይወታቸውን ይጀምራሉ። አብዛኞቹ ከወላጆቻቸው፣ ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸውና ከንስሐ አባታቸው ሲለዩ የመጀመሪያቸው ነው።

ከእነዚህ ወጣቶች መካከል በትምህርታቸው ብርቱ፣ በአገልግሎታቸው ትጉህ የነበሩ ሳለ ቀስ በቀስ ከጉባኤ የሚቀሩ፣ ከዶርም መውጣት የሚሳናቸው፣ መጽሐፍ ገልጠው አንድ ገጽ መዝለቅ የሚያቅታቸው አሉ። ብዙዎቹ ለማንም አይናገሩም። ዝም የሚሉትም «እምነቴ ስለ ጎደለ ነው፤ ብናገር ይታዘቡኛል» በማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው፤ በአእምሮ ሕመም ጊዜ ርዳታ መሻት እምነት ማጣት አይደለም፤ እንዲያውም በትሕትና የሚፈጸም ክርስቲያናዊ ተግባር ነው። የግቢ ጉባኤም ወደዚህ ርዳታ የሚያደርስ የመጀመሪያ በር ሊሆን ይገባዋል።

ለምን በዚህ ዕድሜ?

የአእምሮ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው በወጣትነት ነው። በሕይወት ዘመን ከሚያጋጥሙ የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ ደግሞ ከ24 ዓመት በፊት እንደሚጀምሩ የዘርፉ ጥናቶች ያስረዳሉ። ይህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚገኝበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በድባቴ ወይም በጭንቀት ሕመም ቢያዝ የሚያስደንቅም የሚያሳፍርም ነገር የለውም፤ ሕመሙ በባሕርዩ የሚጀምርበት ጊዜ ላይ ነው ያለው።

በዚህ ላይ የዘመኑ ጫና ይጨመራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ በማምጣት ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበር። ከማለፊያው በታች ያመጡ በርካታ ተማሪዎች በአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) መርሐ ግብር ገብተው «አልፍ ይሆን?» እያሉ ወራትን በሥጋት ያሳልፋሉ። የዲግሪ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁትም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቃቸዋል። የአራትና የአምስት ዓመት ድካም በአንድ ፈተና 50 ከመቶ በማምጣትና ባለማምጣት መካከል ሲንጠለጠል፣ እንቅልፍ የሚያጡት ሰነፎች ብቻ አይደሉም።

በደቡብ ጎንደር ያደገ ወይም የሚማር ተማሪ ሌላም ሸክም አለበት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በጋይንትና በአካባቢው ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ ያለው ግጭት መንገድን፣ ስልክንና ትምህርትን በየጊዜው አቋርጧል። ቤተሰቡ በሰላም ማደሩን ሳያውቅ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ተማሪ፣ የሚወደውን ሰው አጥቶ ኀዘኑን ሳይወጣ ለፈተና የሚቀርብ ተማሪ አለ። ይህን የመሰለ ኀዘን ሁሉ ሕመም ነው አንልም። ነገር ግን ያለ አጽናኝ የቀረ ኀዘን ወደ ሕመም ሊያድግ እንደሚችል ማወቅ ይገባናል።

ቅዱሳት መጻሕፍትና አበው ምን ያስተምሩናል?

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ታላቅ ተአምር ባደረገ ማግሥት ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገ. 19)። እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ መኖር ሰለቸው። እግዚአብሔር በዚህ ጊዜ ያደረገለትን በአስተውሎት እንመልከት። ተግሣጽን አላስቀደመም። መልአኩ አስነሥቶ መገበው፤ ተመልሶ ሲተኛም አልከለከለውም፤ ዳግመኛ ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ መሆኑን በመንገር እንዲበላ አደረገው። ከዚህ በኋላ በኮሬብ ተራራ ድምፁን አሰማው፤ በመጨረሻም ኤልሳዕን የአገልግሎት ባልንጀራ አድርጎ ሰጠው። ምግብ፣ ዕረፍት፣ ቃለ እግዚአብሔር፣ ባልንጀራ፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ትምህርት ነው። የደከመን ወንድም ገና ሳይበላና ሳያርፍ በወቀሳ የምንቀበል ከሆነ ከመልአኩ አልተማርንም።

ስለ ሕክምናም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እናከብር ዘንድ፣ እርሱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። በዚያው ምዕራፍ ታማሚው እንዲጸልይ፣ ንስሐ እንዲገባ፣ ለባለ መድኃኒትም ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል፤ ጸሎትና ሕክምና በአንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ባለ መድኃኒት እንደ ነበር ቅዱስ ጳውሎስ መስክሮለታል (ቈላ. 4፥14)። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ አቅራቢያ ድሆችና ሕሙማን የሚረዱበት፣ ሐኪሞች የሚያገለግሉበት ሰፊ የምሕረት ተቋም አቋቁሟል። ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓትም የሕክምና ጥበብ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን አስተምሯል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በስደት ሳለ ለዲያቆናዊቷ ኦሎምፒያስ የላካቸው 17 መልእክታት እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ኦሎምፒያስ በመምህሯ መሰደድ ምክንያት በጽኑ ኀዘን ተውጣ ነበር። ቅዱሱ የኀዘን መንፈስ ከብዙ ሥጋዊ ሥቃይ ይልቅ የሚከብድ መሆኑን ሳይሸሽግ ያጽናናታል፤ ስለ ጤናዋም ልምድ ባላቸው ሐኪሞችና በመድኃኒት እንድትጠቀም ይመክራታል። ታላቅ መምህር፣ ቅድስት ሴት፣ ከባድ ኀዘን፣ የሐኪም ምክር፤ እነዚህ ሁሉ በአንድነት ይገኛሉ፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም።

ጸበልና ሕክምና

በሀገራችን የአእምሮ ሕመም ሲነሣ ጸበል አብሮ ይነሣል። ብዙዎች ተጠምቀው ተፈውሰዋል፤ ይህን የእግዚአብሔር ጸጋ እንመሰክራለን። ችግር የሚፈጠረው «ጸበል የጀመረ መድኃኒት አይወስድም» ወይም «መድኃኒት የያዘ ጸበል አይገባም» የሚል ትምህርት ሲሰማ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን መሰራጨት በጀመረበት ወቅት ተመሳሳይ ግራ መጋባት ተፈጥሮ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም በአንድነት እንዲጠቀሙ ማስተማራቸው ይታወሳል። በእንጦጦ ማርያም ጸበልም የጸበሉ አገልጋዮችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን የረዱበት ልምድ አለ።

«ሕመሙ የርኵስ መንፈስ ከሆነስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቅዱስ ማቴዎስ ወደ ጌታችን የመጡትን ድውያን ሲዘረዝር ርኵስ መንፈስ ያደረባቸውን ለብቻ፣ በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትን ለብቻ አድርጎ ይጠራል (ማቴ. 4፥24)። ሁሉም ሕመም ከርኵስ መንፈስ አይደለም፤ የመንፈስ ፈተናም አለ። ይህን መለየት የዶርም ጓደኛ ሥራ አይደለም። ካህኑ የድርሻውን፣ ሐኪሙም የድርሻውን ይመልከት። ታማሚው ሁለቱን ሲጠቀም የሚያጣው ነገር የለም፤ አንዱን በሌላው ሲያስቀር ግን ብዙ ሊያጣ ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ተማሪ ወደ ጸበል ሲሄድ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። የጾም ሰዓትን በተመለከተም በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ የሚወስድበት ሰዓት ሊመቻች ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ጾሙን ደግሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን በጾም ሕግ የምታደርገው ርኅራኄ የታወቀ ነው።

ምልክቶቹን ማወቅ

ሁሉም ሰው ያዝናል፤ ከፈተና በፊት ሁሉም ይጨነቃል። ሕመም ነው ብለን የምንጠራጠረው ስሜቱ ሲበረታ፣ ሲቆይና ኑሮን ሲያውክ ነው። የሚከተሉት ምልክቶች ለሁለት ሳምንታትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ከታዩ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል፡-

• የማይለቅ ኀዘን ወይም ባዶነት፤ ቀድሞ ደስ ያሰኝ በነበረው በመዝሙር፣ በጉባኤ፣ በጨዋታ ደስታ ማጣት፤
• እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፤
• ትምህርትን መከታተል አለመቻል፣ ከክፍልና ከፈተና መቅረት፤
• ያለ በቂ ምክንያት ራሱን መውቀስ፣ ኃጢአቱ ፈጽሞ እንደማይሰረይለት ማሰብ፤
• ተደጋጋሚ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሚያፍን ጭንቀት፤
• ጫት፣ መጠጥ ወይም ሌላ ሱስ መጀመር ወይም ማብዛት።

ሌሎች እንደማይሰሙት ድምፅ መስማት፣ ሰዎች ሁሉ እንደሚያሳድዱት ማመን፣ ለቀናት ሳይተኙ ከመጠን ያለፈ ጉልበትና ንግግር ማሳየት ደግሞ ሁለት ሳምንት የሚያስጠብቁ አይደሉም፤ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መሄድ ያሻል። በግቢ ጉባኤ አካባቢ የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገርም አለ። ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ የመንፈሳዊነት መልክ ይይዛል። ከጓደኞቹ ተለይቶ ምግብ የተወ፣ ሌሊቱን ሁሉ የማይተኛ ወንድም ለተጋድሎ ይሁን በሕመም ምክንያት በሩቅ አይታወቅም። ቀርቦ መጠየቅ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ማገናኘት ይገባል። አበው ያለ መምህር ፈቃድ የሚደረግ ተጋድሎን የሚከለክሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወንድምን እንዴት እንጠይቀው?

የመጀመሪያው ርዳታ ጊዜ ወስዶ መስማት ነው። ሰው በሌለበት ቦታ፣ ሳይቸኩሉ፣ «ሰሞኑን እንደ ድሮህ አልሆንህልኝም፤ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መጀመር ይበቃል። ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። «አይዞህ፣ ጸልይ» የሚለው ቃል መልካም ሆኖ ሳለ ንግግርን ለማቋረጥ ከተነገረ ያቈስላል። «ከአንተ የባሰ አለ» ማለትም እንዲሁ። የኢዮብ ወዳጆች መልካም ሥራቸው ሰባት ቀን አብረውት በዝምታ መቀመጣቸው ነበር፤ ስሕተታቸው የጀመረው መከራውን በኃጢአቱ ምክንያት የመጣ ነው ማለት ሲጀምሩ ነው።

ወንድማችን ወይም እኅታችን መኖር እንደሰለቻቸው የሚያመለክት ቃል ከተናገሩ፣ ንብረታቸውን ማደል ወይም የስንብት ቃል መናገር ከጀመሩ፣ ራሳቸውን ለመጉዳት አስበው እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ይገባል። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልላል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ለብቻቸው አንተዋቸው፤ ሊጎዱበት የሚችሉትን ነገር እናርቅ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይዘናቸው እንሂድ። «ለማንም አልናገርም» የሚል ቃል ኪዳንም አንግባ። ነፍስን ለማዳን ለሚመለከተው ሰው መናገር ሐሜት አይደለም። ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነች ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ በዚህ ሐሳብ የተያዘን ታማሚ ግን በሲኦል ማስፈራራት አይፈውሰውም። ወደሚረዱት ማድረስ ይቀድማል።

የንስሐ አባት ድርሻም ታላቅ ነው። ምሥጢረ ንስሐ የታተመ ነውና ተማሪው ያለ ፍርሃት ሊናገር ይችላል። አባትም ሕመምን ከኃጢአት ሳይቀላቅሉ ሰምተው፣ አጽናንተው፣ «ልጄ፣ ይህን ሐኪምም ሊያየው ይገባል፤ ሂድ፣ እኔም እጸልይልሃለሁ» ቢሉ፣ ይህ አንድ ቃል ብዙ ስብከት የማይሠራውን ይሠራል። ተማሪው የሚፈራው የእምነት ማጣት ወቀሳ ከንስሐ አባቱ አፍ ይወገድለታልና።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

ብዙዎች ከሕክምና የሚሸሹት ምን እንደሚጠብቃቸው ስለማያውቁ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ክሊኒክ አለ፤ የመጀመሪያው መነሻ እርሱ ነው። በደብረ ታቦር የሚማሩ ወደ ደብረ ታቦር ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ከዚያም በላይ ካስፈለገ ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር ሆስፒታሎች ሊላኩ ይችላሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ በ1930 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል። የአእምሮ ሕክምና ከአዲስ አበባ ውጭ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ደረጃ እንዲሰጥ የጤና ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥቶ ሲሠራበት ቆይቷል።

በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው በአብዛኛው የሚያደርገው መጠየቅና ማዳመጥ ነው። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሐሳብ፣ ስለ ሥጋዊ ሕመም ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸው «አዎ» ወይም «አይ» ተብለው የሚመለሱ 20 አጫጭር ጥያቄዎች በሀገራችንም ይሠራባቸዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ሕመሙ ክብደት የምክር አገልግሎት፣ መድኃኒት ወይም ሁለቱም ይታዘዛሉ። የድባቴ መድኃኒት በዕለቱ አይሠራም፤ ለውጡ መታየት የሚጀምረው በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ባለው ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ሌላው ስሕተት ሲሻል ማቋረጥ ነው፤ ሕመሙ እንዳይመለስ ከተሻለ በኋላም ሐኪሙ እስከሚያዘው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወራት መቀጠል ያስፈልጋል። እነዚህ የድባቴ መድኃኒቶች እንደ ጫትና መጠጥ ሱስ የሚያስይዙ አይደሉም።

ሕመሙ ትምህርቱን ያወከበት ተማሪ ከመባረሩ በፊት የሕክምና ማስረጃ አቅርቦ በሕግ ትምህርቱን ማቋረጥና (ዊዝድሮዋል መሙላት) ሲሻለው መመለስ የሚችልበት አሠራር እንዳለ ይወቅ። ይህን ባለማወቅ ዝም ብለው ከክፍል ቀርተው የተባረሩ ጥቂቶች አይደሉም። የግቢ ጉባኤ አስተባባሪዎች ይህን መረጃ ይዘው ቢገኙና ከታማሚው ጋር ወደ ሬጅስትራር ቢሄዱ የአንድን ወጣት የዓመታት ልፋት ያተርፋሉ።

የግቢ ጉባኤና የወላጆች ድርሻ

የግቢ ጉባኤ እንቅስቃሴ ራሱ የተጠናከረው በጭንቅ ጊዜ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የተላኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚያ በጸሎት ተሰብስበው ይጽናኑ ነበር፤ ማኅበረ ቅዱሳንም በ1984 ዓ.ም. ሲመሠረት ከዚያ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹን አሰባስቧል። ስለዚህ የተጨነቀን ማጽናናት ለግቢ ጉባኤ የውጭ ሥራ አይደለም፤ የመነሻው ጠባይ ነው። በተግባር ሊሠሩ ከሚችሉት መካከል፡-

• አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በመቀበል መርሐ ግብር ስለ አእምሮ ጤና በጤና ባለሙያና በካህን በጋራ ትምህርት መስጠት፤
• ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ በየሳምንቱ የሚጠይቀው አንድ ነባር ወንድም ወይም እኅት መመደብ፤
• ከጉባኤ የቀረን መዝገብ ላይ ከማስፈር አልፎ በዶርሙ ሄዶ መጠየቅ፤
• ከተማሪዎች ክሊኒክ ጋር ግንኙነት መፍጠር፣ የሚሸኝና የሚከታተል ሰው ማዘጋጀት፤
• የታማሚን ምሥጢር በጥብቅ መጠበቅ፤ ስሙን ጠርቶ በጉባኤ «ጸልዩለት» ማለት ያለ ፈቃዱ አይደረግም።

ወላጆችም በስልክ ስለ ውጤት ብቻ አንጠይቅ። «እንቅልፍ ትተኛለህ? ማን ጓደኛ አለህ? ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ?» የሚሉት ጥያቄዎች «ስንት አመጣህ?» ከሚለው ይቅደሙ። ልጃችን ታሞ ቢመለስ ከጎረቤት መደበቅ አያስፈልገንም፤ የወባና የጨጓራ ታማሚን እንደማንደብቅ ሁሉ።

ማጠቃለያ

በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝን እንደ ነበር ይነገራል። ያን መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በወራት ጉዞ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያደረሰው የአንድ ኃያል ሰው ጉልበት አልነበረም፤ ብዙ ሰዎች በአንድነት ጎተቱት፣ መንገዱንም እየጠረጉ አለፉ። ቅዱስ ጳውሎስ አንዳችን የሌላውን ሸክም እንድንሸከም፣ በዚህም የክርስቶስን ሕግ እንድንፈጽም አዝዞናል (ገላ. 6፥2)። የሚሸከምልን እንዲያገኝ ግን ሸክሙን ያለበት ሰው ሊያሳየን ይገባል።

ስለዚህ ይህን የምታነብ ወንድማችን፣ የምታነቢ እኅታችን፣ ከላይ የተዘረዘሩትን ምልክቶች በራሳችሁ ካያችሁ በዚህ ሳምንት ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለጓደኛችሁ ወይም በተማሪዎች ክሊኒክ ላለው ባለሙያ። ጸሎታችሁን አትተዉ፤ ቅዱስ ቁርባንን አትራቁ፤ ሐኪምም አትፍሩ። ሦስቱም ከአንዱ ከእግዚአብሔር ናቸው። በታቦር ተራራ ብርሃኑን የገለጠ አምላክ በጨለማ ላሉ ልጆቹ ሁሉ ብርሃኑን ይግለጥላቸው።